ያደረ ጥርስ

የካቲት 3

ነገሩ በኋላ እንዳይዛባብኝ ከመነሻው በቅደም ተከተል አሰፍረዋለሁ።

ጥር 14፦ የመጨረሻውን የቃል ፈተና ጨረስኩ። የጥርስ ሐኪም ሆንኩ።

ጥር 21፦ የትምህርት ክፍሉ ማስታወቂያ ለጠፈ። በጥርስ ሙሌትና በነርቭ ሕክምና የስፔሻሊቲ ሥልጠና ከዘንድሮ ተመራቂዎች በቀጥታ የሚወሰደው አንድ ሰው ብቻ ነው። የቀሩት ቦታዎች ቢያንስ ሁለት ዓመት ለሠሩ ሐኪሞች የተያዙ ናቸው።

ጥር 26፦ አመለከትኩ።

ጥር 29፦ ለመጨረሻው ዙር ካለፉት ሦስት ተወዳዳሪዎች አንዷ መሆኔ ተነገረኝ። የሚቀረው የተግባር ፈተና ነው፤ መጋቢት 22 ይሰጣል። በሽተኛውን የሚያመጣው ተወዳዳሪው ራሱ ነው። ጥርሱ በጥልቀት የተቦረቦረ፣ ነርቩ ግን ያልተነካ፣ ከዚህ በፊት ማንም እጁን ያላሳረፈበት መሆን አለበት። ሳይነኩት በራሱ የሚያም ጥርስ አይፈቀድም።

የካቲት 1፦ እቴቴ «በግራ በኩል ምግብ እየተሰነቀረ አስቸገረኝ» አለች።

የካቲት 2፦ ወደ ትምህርት ቤቱ ክሊኒክ ወስጄ ራጅ አነሳኋት። የታችኛው ግራ የመጀመሪያ መንጋጋ ነው። ከላይ ሲታይ ምንም አይመስልም፤ በጎን በኩል ግን ወደ ውስጥ ዘልቋል። ከነርቩ የሚለየው ቀጭን ግን የሚታይ ግድግዳ አለ። ማስታወቂያው የጠየቀውን አንድም ሳያጎድል ያሟላል።

እቴቴ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ከትውልድ ቤቴ ወጥቼ ትምህርት ከጀመርኩ ወዲህ የምኖረው እሷ ዘንድ ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ አሁን የአንድ ሆቴል መጋረጃ ትሰፋለች። የፊት ጥርሷ ጫፍ ላይ ክር በመበጠስ ብዛት የተፈጠረች ትንሽ ጎድጓዳ አለች። ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ አሳይቻት መቀስ እንድትጠቀም መክሬያት ነበር። «መቀሱን ስፈልግ ሥራው ይመሻል» ብላኝ ቀረች።

የካቲት 5

ራጁን ለሚስማር አሳየሁት። ሚስማር የክፍሌ ልጅ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከቅጥነቱ ነው። እሱ አልተወዳደረም፤ የግል ክሊኒክ ገብቶ ሥራ ጀምሯል።

«ይሄማ ጥርስ አይደለም፣ ሎተሪ ነው» አለ።

«ድምፅህን ቀንስ።»

«እስከ መጋቢት ልታሳድሪው ነው?»

«ሁሉም ያሳድራል።»

«ሁሉም የሚያሳድረው የማያውቀውን ሰው ጥርስ ነው። የአክስትሽን ግን ... ታውቃለች?»

«መጠበቅ እንዳለብን ነግሬያታለሁ።»

«መጠበቅ እንዳለባችሁ» አለና ራጁን መለሰልኝ።

ማሳደር የሚባለውን ነገር እኔ አልፈጠርኩትም። ለፈተና የሚሆን ጥርስ ያገኘ ተማሪ ፈተናው እስኪደርስ ሳይነካው ያቆየዋል። ከእኛ በፊት የነበሩትም አሳድረዋል። መምህራኑም በዘመናቸው እንዳሳደሩ ይነገራል። የጥርስ መቦርቦር አዝጋሚ በሽታ ነው፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚፈጠረው ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ ከቁጥር አይገባም።

ለእቴቴ ያልኳት ይህን ነው፦ ጥርሱ መሞላት አለበት፤ ጥልቅ ስለሆነ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በፈተናዬ ቀን ትልልቆቹ ሐኪሞች ባሉበት ብሠራው ሁለታችንንም ይጠቅማል። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ለየብቻው ትክክል ነው።

«አንቺ ካልሽ» አለች። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።»

የካቲት 17

ቀዝቃዛ ውሃ ስትጠጣ ጭንቅላቷን ወደ ቀኝ ታዘነብላለች። የሚጠበቅ ነው። ጊዜያዊ መድኃኒት እንዳላደርግበት ደንቡ ይከለክላል።

በፕላስቲክ ጥርስ ላይ ልምምድ። እጄ ደህና ነው።

የካቲት 25

በልብስ መስፊያው ክፍልና በእኔ ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ ስስ ነው። የሰማሁት ሆን ብዬ አይደለም።

ልብስ ልትለካ የመጣች አንዲት ደንበኛ፦ «ምነው አንቺ፣ በአንድ ጎንሽ ታኝኪያለሽ? ቤትሽ ሐኪም አስቀምጠሽ?»

እቴቴ፦ «ሐኪሜ ወረፋዋ ብዙ ነው። ተራዬን እየጠበቅኩ ነው።»

ተሳሳቁ። ከዚያ ደንበኛዋ እኔ ለምን ሥራ እንደማልይዝ ጠየቀች። ሚስማርም፣ የክሊኒኩ ኃላፊዋ ነርስም፣ እናቴም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ መጀመሪያ ሁለት ዓመት ሥራ ቅመሺ፣ እጅሽ ይፍታታ፣ ከዚያ ትማሪያለሽ። ለሥራ ብለው ከወጡት ስንቱ እንደተመለሰ ግን የሚነግረኝ የለም። እኔ አውቃለሁ፤ ከእኛ በፊት ከተመረቁት ካነጋገርኳቸው አንድም የተመለሰ የለም። በሩ አንድ ጊዜ ይከፈታል፤ ዘንድሮ የተከፈተው ለእኔ ነው።

እቴቴ የመለሰችላት እንዲህ ነበር፦ «እሷ የጀመረችውን ሳትጨርስ የምትተው ልጅ አይደለችም። መርፌ ይዛ ብትሆን ኖሮ ሆቴሉን በሙሉ አልብሳው ነበር።»

መጋቢት 4

ዛሬ የፍተሻውን ሥርዓት አለማመድኳት። ፈተናው ከመጀመሩ በፊት ፈታኙ ጥርሱን በቅዝቃዜ ይፈትሻል። እኔ በጥጥ ጫፍ ላይ ትንሽ በረዶ ይዤ ሞከርኩ።

«ሲሰማሽ ግራ እጅሽን አንሺ። ሲጠፋ አውርጂ።»

«እንደ ክፍል ተማሪ?»

«እንደ ክፍል ተማሪ።»

አነሳች፤ ጥጡን ሳነሳ ወዲያው አወረደች። መልካም ምልክት ነው። ለምን እንደምናደርገው ጠየቀችኝ። ጤነኛ ነርቭ ቅዝቃዜው ሲነሳለት ወዲያው እንደሚረሳ፣ የታመመ ነርቭ ግን ይዞ እንደሚቆይ አስረዳኋት።

«ይዞ ከቆየስ?»

«ያን ጊዜ ጥርሱን ለፈተና አይቀበሉትም።»

«እና ሌላ ሰው ትወስጃለሽ?»

«ሌላ ሰው የለኝም እቴቴ።»

በሽተኛ ስለሚደረግለት ፍተሻ የማወቅ መብት አለው። የነገርኳት በዚህ ምክንያት ነው።

መጋቢት 10

የስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ መቀስ ስፈልግ የሕመም ማስታገሻ አገኘሁ። ከግማሽ በላይ አልቋል።

«ለወገቤ ነው» አለች። «መጋረጃው እኮ የበሬ ቆዳ ነው የሚያህለው።»

ወገቧን እንደሚያማት ከድሮም አውቃለሁ።

መጋቢት 16

ሚስማር ደወለ። የሚሠራበት ክሊኒክ ጥበቃ ለፈተና የሚሆን ጥርስ አለው አለ። «ሰውየው ፈቃደኛ ነው። የአክስትሽን ነገ ጠዋት ሙዪላትና ይሄን ውሰጂ። ተገላገዪ።»

ሄጄ አየሁት። ጥርሱ ደንቡን ያሟላል፤ ጥልቀቱ ግን መጠነኛ ነው። ለቀላል ጥርስ የሚሰጠው ነጥብ ዝቅተኛ ነው፤ ሌሎቹ ሁለት ተወዳዳሪዎች ምን እንደያዙ አላውቅም። በተጨማሪም ሰውየው ፈረቃ ይሠራል፤ በዕለቱ ላይመጣ ይችላል። ደግሞም ከበሽተኛ ጋር መግባባት ራሱን የቻለ ነጥብ አለው።

እንደማልወስደው ነገርኩት።

«ምክንያቶችሽ ጥሩ ናቸው» አለ ሚስማር። «ሁልጊዜም ምክንያቶችሽ ጥሩ ናቸው።»

ይህን ለምን እንዳለ አልጠየቅኩትም።

መጋቢት 20

የክሊኒኩ የአየር መጭመቂያ ተቃጠለ። ወንበሮቹ አይሠሩም። ፈተናው ወደ ሚያዝያ 17 ተዛወረ።

ለእቴቴ ነገርኳት። የያዘችውን ጨርቅ አስቀመጠች።

«ጥርሱ ይጠብቃል?»

«ይጠብቃል።»

«እኔም እጠብቃለሁ እንግዲህ» ብላ ጨርቁን መልሳ አነሳች።

መጋቢት 21

ራጁን ደግሜ ማንሳት እንዳለብኝ ሳስብ ዋልኩ። አሁን ባለው ሁኔታ ውሳኔ የሚለውጥ መረጃ አይሰጠኝም። ያለ በቂ ምክንያት በሽተኛን ለጨረር ማጋለጥ ደግሞ ተገቢ አይደለም። አላነሳሁም።

ሚያዝያ 2

ሻይዋን ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አትነካውም። ድሮ እየፈላ የምትጠጣ ሰው ናት፤ ምላሷ ከብረት ነው እያልን እንቀልድባት ነበር። ዛሬ ብርጭቆው አጠገቧ እንዳለ ዋለ።

ትኩስ ነገር የሚያሳምመው ጥርስ ምን ማለት እንደሆነ መጽሐፉ የሚለውን አውቃለሁ። ይሁን እንጂ አንድ ምልክት ብቻውን ምርመራ አይሆንም። ሥራ በዝቶባትም ሊሆን ይችላል።

ሚያዝያ 3

እንደገና ስለ ሻዩ።

ዛሬ ልጠይቃት አስቤ ከመስፊያው ክፍል ደጃፍ ቆምኩ። መኪናውን በእግሯ እየመታች፣ ግራ ጉንጯን በትከሻዋ ደግፋ ትሰፋ ነበር። ስታየኝ ቀና አለች፤ ፊቷም አብሮ ቀና አለ። «አጠናሽ?» አለችኝ። «እያጠናሁ ነው» አልኳት። ወደ ክፍሌ ተመለስኩ።

ሚያዝያ 9

እቴቴ ከእናቴ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማሁ። የሰማሁት የእሷን ንግግር ብቻ ነው።

«ተይ፣ እንዳትነግሪያት ... እንዴት አታውቅም? ሐኪም አይደለች እንዴ ... አይ፣ አይ። አንድ ሰሞን ነው። ጥርስ እኮ ነው፤ ዓይን አይደለም ... አንቺ ደግሞ። እኔ የወለድኩት የለኝ፤ ለማን ልቆጥበው?»

ከዚያ መኪናውን ማስጮህ ስለጀመረች ቀሪው አልተሰማኝም።

ንግግሩ ስለ ማን እንደሆነ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። እናቴ ሐኪም የሆነች ጎረቤት አለቻት፤ ስለ እሷ ብዙ ጊዜ ያወራሉ። ይህን ከጻፍኩ በኋላ ደግሜ አነበብኩት። አልሰርዘውም፤ የሚቻል ነገር ነው።

ለእኔ ያልገባኝ ሌላ ነው። ከትናንት ጀምሮ ማጥናት አልቻልኩም። ገጹን አገላብጣለሁ፤ የምትታየኝ ግን ትከሻዋ ላይ የተደገፈችው ጉንጯ ናት። ፈተናውን ብተው ምን እንደሚሆን ማሰብ ጀመርኩ፤ ወዲያውም ተውኩት። አሁን ብተወው የጠበቀችው ሁሉ ለከንቱ ነው የሚሆነው። እንዲያውም ማለፍ ያለብኝ በእሷ ምክንያት ነው።

ሚያዝያ 16

መሣሪያዎቼን ሁለት ጊዜ አየሁ። ሁሉም አሉ። እራት በልተን ስናበቃ ጠየቅኳት።

«እቴቴ፣ ጥርሱ ያምሻል?»

«ፈታኞቹ የትኛውን መልስ ነው የሚፈልጉት?»

«እኔ ነኝ እኮ የምጠይቅሽ።»

«አንቺ የትኛውን ትፈልጊያለሽ?»

«እውነቱን።»

ሳቀች። «ጥርስ ባዳ ነው ሲባል አልሰማሽም? ሆድ እያለቀሰ እሱ ይስቃል። ሂጂ ተኚ፤ ነገ እጅሽ እንዳይንቀጠቀጥ።»

ማስታገሻ የቅዝቃዜውን ፍተሻ ሊያዛባ ስለሚችል ነገ ጠዋት እንዳትወስድ መንገር ይገባኝ ነበር። ጨዋታው ወደዚያ አልሄደም።

ሚያዝያ 17

ተፈተንኩ። በዝርዝር ልጻፈው።

የፈተናው ሰብሳቢ፣ እኛ ተማሪዎች «ጸጥታ» የምንለው መምህር ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ ከእሱ የሰማኋቸው ቃላት አንድ ገጽ አይሞሉም። እቴቴን ግን በአክብሮት አነጋገራት።

«እናቴ፣ ይህ ጥርስ በራሱ ጊዜ አሞዎት ያውቃል?»

«ኧረ በጭራሽ። ምግብ ይሰነቀርብኛል እንጂ።»

«ቅዝቃዜ ላስነካዎት ነው። ሲሰማዎት እጅዎን ያንሱ፣ ሲጠፋ ያውርዱ።»

እሱ ከራስጌዋ ቆሟል፤ እኔ ከእግርጌዋ በኩል ነበርኩ። ጥጡን አስነካ። እጇን አነሳች። ጥጡን አነሳ። እጇን ወዲያው አወረደች፤ እንዳለማመድኳት፣ እንደ ጥሩ ተማሪ።

ያደረገችው ነጠላ ጫማ ነበር። የእግሯ ጣቶች ወደ ውስጥ ተጨብጠዋል። እጇ ጭኗ ላይ በሰላም ተቀምጦ የእግሯ ጣቶች እንደተጨበጡ ቆዩ። ጸጥታ ወደ ሌላው ወንበር ሲዞርም አልተፈቱም። ሰከንዶቹን ቆጠርኩ፤ ከዚያ መቁጠሩን ተውኩ።

«ተቀባይነት አለው። ጀምሪ» አለኝ።

አደነዘዝኩላት። መድኃኒቱ ሲይዛት ትከሻዋ እንዴት እንደወረደ እጅግ ገረመኝ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ። ዓይኗን ጨፍና አንዴ በረጅሙ ተነፈሰች። ሥራው ላይ ትተኛለች ብዬ ሠጋሁ። እውነትም ትንሽ አሸለበች።

የተበላሸውን አወጣሁ። ከጠበቅኩት ጠልቋል። ወለሉ ላይ ስደርስ ነርቩ እንደ ሐምራዊ ጥላ ከሥር ይታይ ነበር፤ ግን አልተከፈተም። ከዚያ ያለው ሥራ በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የተሻለ ነበር። የጎኑ ግድግዳ፣ ከጎረቤቱ ጋር ያለው መነካካት፣ የላዩ ቅርጽ፤ ሁሉም እንደሚገባው። ጸጥታ በክር ፈተሸው፣ በመስታወት አየው፣ ሌሎቹን ሁለት ፈታኞችም ጠርቶ አሳያቸው።

«ጥሩ እጅ» አለ። ሁለት ቃል። ለሁለቱ ቃላት እንዴት ደስ እንዳለኝ ለመጻፍ አፍራለሁ።

ስንወጣ እቴቴ በደነዘዘ አፏ «አለፍሽ?» አለችኝ። ከንፈሯ አልታዘዝ ብሏት ምራቋ ፈሰሰ፤ እየሳቀች በመዳፏ ጠረገችው።

ሚያዝያ 23

አንደኛ ወጥቻለሁ። ውሳኔው የሚጸድቀው ሚያዝያ 30 በሽተኛዋ ለክትትል ቀርባ ስትታይ ነው። ጥርሱ ከፈተናው በፊት ያም እንደነበር ከተገኘ ፈተናው ይሰረዛል፤ ቦታውም ለሁለተኛው ይሰጣል። ይህ ለሁሉም የሚሠራ ደንብ ነው።

እቴቴ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ አፏን እየከፈተች ታሳያለች። «እዩት፣ የትኛው እንደተሞላ ለዩ። እግዜር የሠራውና ልጄ የሠራችው አይለይም።»

አሁንም በቀኝ ነው የምታኝከው።

ሚያዝያ 27

ትናንት ሌሊት ተቀምጣ ነው ያደረችው። ስተኛ ይብስብኛል አለች። ስለ ጥርሱ ሕመም የተናገረችኝ የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

ሚስማርን ጠየቅኩት። ሁኔታውን እንደ ሌላ ሰው አድርጌ ነበር የጀመርኩት፤ እሱ አላስጨረሰኝም።

«አክስትሽን አምጪያት። ዛሬውኑ ከፍቼ ነርቩን አወጣዋለሁ፤ ማታ ትተኛለች።»

«ሚያዝያ 30 ክትትል አላት።»

«እና?»

«ተከፍቶ ካዩት ይጠይቃሉ።»

«አንቺ፣ ይቺ ሴትዮ እኮ የጥርስ ማሳደሪያ አይደለችም» አለኝ።

ለእቴቴ፣ ክትትሉ ቅርብ ስለሆነ እዚያው ቢያዩት እንደሚሻል ነገርኳት። ጠንከር ያለ ማስታገሻም አመጣሁላት። መጠኑን በትክክል አስረድቻታለሁ።

«እስካሁንም ቆይቻለሁ» አለች። እንዲህ ስትል አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

ሚያዝያ 30

ክትትሉ ተደረገ።

ጸጥታ ሙሌቱን አየ። በመስታወቱ እጀታ ጥርሱን በዝግታ መታ፤ እቴቴ ትከሻዋ ዘለለ። ደብቃ መያዝ አልቻለችም።

«ያምዎታል?»

«ትንሽ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

መጀመሪያ እኔን አየችኝ። ቀጥሎ መብራቱን አየች።

«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ።»

«ሳይሞላ በፊትስ? እናቴ፣ ይህ ለሕክምናው አስፈላጊ ስለሆነ ነው የምጠይቅዎት። ነርቩ ከድሮ ታሞ ከነበረ ዛሬ አውጥቼው ይገላገላሉ። አሁን የመጣ ከሆነ ግን አልነካውም፤ ሊድን ይችላል።»

«አሁን ነው የመጣው» አለች። «እሷ ከመሥራቷ በፊት ምንም አልነበረኝም።»

ጸጥታ ራሱን ነቀነቀ። ሙሌቱ በጥቂቱ ከፍ ብሎ ስትነክስ እየተመታ ይሆናል አለ። ከላዩ ትንሽ ሞርዶ ዝቅ አደረገውና ከወር በኋላ እንድትመለስ ቀጠራት። እቴቴ አመሰገነችው። ከወንበሩ ስትነሳ ክንዴን ያዘች፤ እጇ ቀዝቃዛ ነበር፤ ክብደቷን ሁሉ ጣለችብኝ።

ጸጥታ ጓንቱን እያወለቀ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ አብረሻት ነው የምትኖሪው። የምትጨምሪው ነገር አለ?»

እቴቴ ክንዴን ጠበቅ አደረገችው።

ሕመሙ የጀመረው ከፈተናው በፊት መሆኑን አልነገርኩትም።